ደሴ ላይ ሆኖ እርሳስና ኢንክ መጀመር፦ በትንሽ ብር ምን ልግዛ?

ጦሳ_ስር

ሰላም ጀማዓ፣ እንዴት ናችሁ። ደሴ ነኝ፣ ሆጤ አካባቢ። ታናሽ እህቴ 10ኛ ክፍል ናት፤ ደብተሯን ብትገልጡት ከትምህርቱ ስዕሉ ይበዛል። አሁን በደንብ መማር ፈልጋለች። በተለይ መጀመሪያ በእርሳስ ነድፋ ከላዩ በጥቁር ቀለም (በኢንክ) መጨረስ ነው የምትወደው፣ የኮሚክ ሰዎች እንደሚሰሩት። እኔም አብሬያት ልጀምር ብያለሁ።

ችግሩ ዩቲዩብ ላይ የሚታየው ዕቃ ብዛቱ ነው። ፒያሳ ያሉትን ስቴሽነሪዎች ዞርኩ። አንዱ ጋ በቆርቆሮ የታሸገ 12 እርሳስ አለ፣ ዋጋው ያስደነግጣል። ሌላው ጋ ተራ የትምህርት ቤት እርሳስ ብቻ ነው ያለው። ከደሞዜ ቆንጥሬ ነው የምገዛው፣ ስለዚህ የማይረባ ነገር ላይ ባይወጣ ደስ ይለኛል። ምን ልግዛ? ምንስ ይቅር? ደግሞ እህቴ የምትስለው በግራ እጇ ነው፣ ይሄ የሚለውጠው ነገር ካለ ንገሩኝ።

መምህር_ቦርከና

ወንድሜ፣ አብረሃት መጀመርህ በጣም ደስ ይላል፣ ልጅ ብቻዋን ስትሆን ቶሎ ይሰለቻታል። ኮምቦልቻ ስዕል አስተምራለሁ። ወላጆች ይሄንኑ ይጠይቁኛል፤ መልሴም አይቀየርም። ብሩን ወረቀት ላይ አውለው፣ ከእርሳሱ ቀንስ።

ሰው ስዕሉን የሚያሳምረው እርሳሱ ይመስለዋል። ውድ እርሳስ ስስ ወረቀት ላይ ምንም አይፈይድም፣ ተራ እርሳስ ግን ደህና ወረቀት ካገኘ ያምራል። የፎቶ ኮፒ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ 80 ግራም ነው፤ ግራም ሲባል የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ማለት ነው። ለልምምድ እሱ ይበቃታል፣ ሳትሳሳ ብዙ እንድትሰራ ርካሽ መሆኑ ጥሩ ነው። ቀለም ሲነካው ግን ወደ ጀርባ ያሳልፋል፣ ደጋግመህ በላጲስ ስታሸው ይላጣል። ጨርሳ ለምታስቀምጠው ስራ ከ160 እስከ 200 ግራም ያለ ወረቀት ፈልግላት።

ለእርሳስ ሸከር ያለ ወረቀት ይመቻል፣ ግራፋይቱን፣ ማለትም የእርሳሱን ጥቁር ነገር፣ ይይዘዋል። ለኢንክ ለስላሳ ነው የሚሻለው። ሁለቱንም እዚያው ወረቀት ላይ ስለምትሰራ ወደ ለስላሳው አድላ፣ ሸካራው ላይ የብዕሩ መስመር ይቆራረጣል።

እርሳስ ሦስት ይበቃል፤ ኤችቢ፣ 2ቢ እና 6ቢ። የእርሳስ ውስጡ ግራፋይትና ሸክላ አፈር ተደባልቆ የተጠበሰ ነው። ይሄን አሰራር ፈረንሳዊው ኮንቴ በ1795 እ.ኤ.አ. ነው ያመጣው። ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፣ መስመሩም ይነጣል፤ እሱ ኤች የሚባለው ወገን ነው። ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል፤ እሱ ቢ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ባህርይው ይጨምራል። ኤችቢ መሃል ላይ ነው። እህትህ ኢንክ የሚደረግበትን ንድፍ በኤችቢ ትስራ፣ እጇን ቀለል አድርጋ። 2ቢና 6ቢ በእርሳስ ብቻ ለሚያልቅ ስራ ናቸው።

ሸዋበር24

መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ ላይ አልስማማም። ባለ 12ቱ ሙሉ ስብስብ ሲገዛ የአንዱ እርሳስ ዋጋ ይወርዳል። ደግሞ ልጅ ናት፣ ቆርቆሮውን ስትከፍት የሚሰማት ነገር ቀላል አይደለም፣ ሰርቼ ልየው የሚል ጉጉት ይሰጣታል። ሦስት እርሳስ በላስቲክ ጠቅልሎ ከመስጠት ይሻላል ባይ ነኝ።

መምህር_ቦርከና

የጉጉቱን ነገር እቀበላለሁ፣ እውነት ነው። ከተገዛ ግን ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ይነበብ። ለምሳሌ ፋበር ካስቴል 9000 ባለ 12ቱ በተለያየ ሳጥን ይመጣል። አንዱ ከ8ቢ እስከ 2ኤች ነው፣ ሌላው ከ5ቢ እስከ 5ኤች። ሁለተኛው ለቴክኒካል ድሮዊንግ የሚመች ነው፣ ግማሽ ያህሉን ሳትነካው ትቀራለች። 4ኤችና 5ኤች ለጀማሪ ጎጂም ናቸው። ስለሚጠነክሩ ወረቀቱን ይቦረቡሩታል፣ ቦዩ ደግሞ በላጲስ አይጠፋም፣ ኢንኩ እየሄደ እዚያ ውስጥ ይገባል።

ሌላው በየሱቁ በስም ብቻ የሚያምሩ የእርሳስ ስብስቦች አሉ። 2ቢውና 6ቢው አንድ ዓይነት ጥቁረት ያላቸው። ከመግዛትህ በፊት ሁለቱን ጎን ለጎን አስምርና እይ። ልዩነት ካላየህ ተወው።

የሰኞገበያ_ልጅ

ወረቀቱን በተመለከተ እኔ ልናገር፣ ማተሚያ ቤት ነው የምሰራው። ስኬች ደብተር ብሎ የተጠረዘውን አትፈልግ። ደሴም ኮምቦልቻም ማተሚያ ቤት ሂድና ቁርጥራጭ አላችሁ ወይ በል። ለመጽሔት ሽፋን፣ ለሰርግ ካርድ፣ ለሰርተፍኬት የሚቆረጠው ወረቀት ከ200 ግራም በላይ ይሆናል፣ ጠርዙ ሲከረከም የሚተርፈው ብዙ ነው። አንዳንዱ ከደብተር ገጽ ይሰፋል። በትንሽ ብር ይሰጡሃል፣ ቀን ከቀናህ በነጻም።

የሚያብለጨልጨውን ብቻ አትውሰድ። እሱ የተቀባ ወረቀት ነው፣ እርሳስ አይዝም፣ ኢንክ ላዩ ላይ ሳይደርቅ ይቆያል። በጣትህ ዳስሰው። የማያብለጨልጭ፣ ግን የማያሻክር።

አሁን ዋናውን ፈተና ልንገርህ። የምትጠቀምበትን እስክሪብቶ ይዘህ ሂድ። አንድ መስመር አስምር፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ጫፉን ትንሽ አቆየው። መስመሩ ዳር ዳሩ ጸጉር ካወጣ ወረቀቱ ቀለም ይመጥጣል ማለት ነው፣ አይሆንህም። ገልብጠህ ጀርባውን እይ። አላሳለፈም? ከዚያ በላጲስ ጠበቅ አድርገህ እሸው፣ ጭረት ካላወጣ ውሰደው። ሁለቱም ፊቱ አንድ ላይሆን ስለሚችል ሁለቱንም ሞክር።

ጦሳ_ስር

አላህ ይስጥልኝ ወንድሜ፣ ይሄንን ማንም አይነግርም ነበር። መምህር እናመሰግናለን። ሸዋበር፣ ያልከውንም አስቤበታለሁ፤ ቆርቆሮውን ለወደፊት ሽልማት አደርገዋለሁ። ላጲስና መቅረጫስ? ከዚያ ወደ ኢንኩ እንሂድ፣ እሱ ነው ግራ የገባኝ።

መምህር_ቦርከና

ላጲስ ነጩ ለስላሳው። እርሳሱ ጫፍ ላይ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ይደርቅና ያጨማልቃል። እጅ ውስጥ የሚለወሰው ግራጫ ላጲስ ከተገኘ ግሩም ነው፣ ሳታሽ ጫን አድርገህ ስታነሳው ግራፋይቱን ያነሳል፣ ወረቀቱን አይጎዳም። ካልተገኘ አትጨነቅ።

መቅረጫው ለ6ቢ ብዙም አይመችም፣ ውስጡን ሊሰብረው ይችላል። በምላጭ እንጨቱን ረዘም አድርገህ ጥረብ፣ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አሹል። ምላጩን አንተ ያዝላት። እርሳስ መሬት ላይ ሲወድቅ ውስጡ ይሰነጠቃል፣ በኋላ ሲቀረጽ እየተሰበረ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

ኮምቦልቻ_ንድፍ

ኢንኩን ለኔ ተዉት።

መጀመሪያ የምለው፣ ተራውን ቢክ አትናቁት። ቀለሙ ዘይታማ ስለሆነ ርካሽ ወረቀት ላይ እንኳ አይዘራም። ቀለል ስታደርገው ግራጫ፣ ጫን ስትለው ጥቁር ይሰጣል። በሱ መስመር እየደራረበች ጥላ መስራት ትልመድ። ሁለት ነገር ብቻ አለው። ጫፉ ላይ ቀለም ይጠራቀምና ድንገት ይጥላል፣ ስለዚህ አጠገቧ ቁራጭ ጨርቅ ይኑር፣ ቶሎ ቶሎ ትጥረገው። ሌላው ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል።

ቀጣዩ ፋይንላይነር ነው፣ ጫፉ ስስ የሆነ የስዕል ብዕር። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሸወደው። የሚፈለገው ፒግመንት ኢንክ የሚል ነው፣ ቀለሙ በውሃ የማይሟሟ ደቃቅ ቅንጣት ስለሆነ ከደረቀ በኋላ ውሃ አያስለቅቀውም፣ ብርሃንም ቶሎ አያጠፋውም። ሳኩራ ማይክሮን፣ ስቴድለር ፒግመንት ላይነር፣ ዩኒ ፒን፣ እነዚህ ናቸው የሚታወቁት። ማይክሮን ላይ የተጻፈው ቁጥር ሚሊሜትር አይደለም። 005 የሚለው 0.20 ሚ.ሜ. ነው፣ 01 ደግሞ 0.25፣ 03 0.35፣ 05 0.45፣ 08 0.50። በ005 እና በ01 መሃል ያለው ልዩነት በዓይን ብዙም አይለይም፣ ስለዚህ ሁለቱንም መግዛት ብር ማባከን ነው። ለሷ 01 እና 05 ይበቃታል። ዙሪያውን በ05፣ ዝርዝሩን በ01። 005ን ለጀማሪ አልመክርም፣ ጫፉ ስስ ነው፣ እጅ የሚከብደው ሰው ቀን ሳይሞላው ይጨፈልቀዋል።

የታወቀ ስም ተለጥፎበት በውሃ የሚታጠብ ብዕርም አለ። እዚያው ሱቅ ፊት ወረቀት ላይ ጫር ጫር አድርግ፣ ትንሽ ጠብቅ፣ ጣትህን በምራቅ አርጥበህ እሸው። ከለቀቀ መልስለት። አንድ ሱቅ ውስጥ ባለቤቱ መሞከር ክልክል ነው ብሎኛል። እንዲህ ከሚል ሰው አትግዛ።

ጄል እስክሪብቶ ጥቁረቱ ደስ ይላል፣ ግን ለመድረቅ ይቆያል። ለግራ እጅ እሱ ችግር ነው።

ግራ_እጅ

ግራ እጅ ሲባል ሰማሁና ገባሁ። ያቺ ልጅ እኔን ትመስላለች።

የትምህርት ቤት ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሆነ እጃችን እርጥቡ ቀለም ላይ ይሄዳል። ስዕል ግን እንደዚያ አያስገድድም። ኢንክ ስታደርግ ከወረቀቱ ቀኝ ላይ ትጀምርና ወደ ግራ ትሂድ፣ ከላይ ወደ ታች። ከእጇ ስር ንጹህ ቁራጭ ወረቀት ታድርግ፣ ይሄ ለቀኝ እጅ ሰውም ይጠቅማል፣ የእጅ ወዝ ወረቀት ላይ ሲቀር ኢንኩን አልቀበልም ይላል።

ደግሞ በቪዲዮ የምታየው የጥላ መስመር አብዛኛው ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ የተጋደለ ነው፣ ለቀኝ እጅ የሚቀናው እሱ ስለሆነ። ለሷ ተቃራኒው ነው የሚቀናት። በግድ እንደነሱ እንዳትሰራ። ወረቀቱንም ታዙረው፣ እጅ ከሚጣመም ወረቀቱ ይዙር። ይሄን ልጅ እያለሁ የነገረኝ ሰው ቢኖር ስንት ቅጣት በቀረልኝ ነበር። እባክህ ማንም በቀኝሽ ሳዪ እንዳይላት።

ጦሳ_ስር

አብሽር፣ ቤታችን ማንም አይነካትም። እናታችንም በግራዋ ናት።

አንድ ጥያቄ። ፒያሳ ላይ በጠርሙስ የሚሸጥ ጥቁር ቀለም አየሁ፣ አንዱ ለማህተም ነው አለኝ፣ ሌላው ለሚሞላ ብዕር። ከነዚህ በአንዱ ጠቅሶ መስራት ይቻላል?

ኮምቦልቻ_ንድፍ

የማህተሙን ተው። ስፖንጁ ላይ ቶሎ እንዳይደርቅ ተደርጎ ነው የሚሰራው፣ ወረቀት ላይም እጇን እያጨማለቀ ይቆይባታል። የሚሞላ ብዕር ቀለም ለመጀመሪያ ልምምድ ይሆናል፣ ይጠቅሳል፣ ይሄዳል። ግን አብዛኛው በውሃ ይለቃል፣ ከጥልቅ ጥቁርም ይጎድለዋል።

ትክክለኛው ኢንዲያን ኢንክ የሚባለው ነው። ካርቦን ነው፣ በሼላክ ወይም በሌላ ማጣበቂያ የተያዘ። ሲደርቅ ውሃ አይነካውም። ጠርሙሱ ላይ ውሃ የማያስለቅቀው መሆኑ ተጽፎ እንደሆነ እይ። አደራ፣ የሚሞላ ብዕር ውስጥ እንዳታስገቡት፣ ውስጡ ይደርቅና ብዕሩን ይዘጋዋል።

ለሱ የሚጠቀስ ብዕር ያስፈልጋል፣ እንጨት እጀታ ላይ የብረት ጫፍ የሚሰካበት። ደሴ ላይ ካጣህ መርካቶ ለሚሄድ ሰው ንገር፣ ቀላል ዕቃ ነው፣ ኪስ ውስጥ ይመጣል። አዲስ ጫፍ ሲመጣ እንዳይዝግ ዘይት ተቀብቶ ነው። ሳታጥቡት ከጠቀሳችሁ ቀለሙ ይንከባለልና ጠብ ይላል፣ ሰውም ብዕሩ ብልሹ ነው ብሎ ይጥለዋል። በሳሙና እጠቡት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ጀምሩ። መስመሩን ወደ ራሷ ትሳበው፣ ወደፊት ከገፋችው ጫፉ ወረቀቱን ይወጋና ቀለም ይረጫል። ጨርሳ ስትነሳ ወዲያው በውሃ ታጥቦ ይጠረግ። ኢንዲያን ኢንክ ጫፉ ላይ ከደረቀ ማስለቀቁ ከባድ ነው።

ሸህ_ሰፈር

ልጆቼ፣ ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ሰዓሊ አይደለሁም። ግን የብረት ጫፍ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ለምን ትቀመጣላችሁ? እኛ ልጅ ሆነን ቁርአን ስንቀራ ሎሁ፣ የእንጨት ሰሌዳው ላይ የምንጽፈው በመቃ ነበር። ቀለሙም ከጥላሸትና ከሙጫ ነው። የድስት ጥላሸት ተፍቆ፣ የግራር ሙጫ በውሃ ሟሙቶ፣ አብሮ ይታሻል። ሎሁ ሲሞላ ታጥቦ እንደገና ይጻፍበታል። የቤተ ክርስቲያኖቹም ቁም ጸሐፊዎች ብራና ላይ በመቃ ብዕር ነው የሚጽፉት፣ ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቆላ እህልና ከቅጠል ዘፍዝፈው ለወራት ያቆዩታል። ወሎ ውስጥ ሁለቱም ጎን ለጎን የኖረ ሙያ ነው፣ አትርሱት።

መቃው ደረቅ ይሁን። በስለት ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ጫፉን አሳሱት፣ ከዚያ መሃሉን በቀጥታ ትንሽ ሰንጥቁት። ቀለሙ በዚያ ስንጥቅ ነው የሚወርደው።

መምህር_ቦርከና

አባቴ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ያሉት ትልቅ ነገር ነው። የመቃ ብዕርን ትልልቅ ሰዓሊዎችም ተጠቅመውበታል፣ አንዱ የሆላንዱ ሰዓሊ ቫን ጎህ ነው፤ በ1888 እ.ኤ.አ. ደቡብ ፈረንሳይ አርል በነበረበት ጊዜ ብዙ ንድፎቹን በመቃ ሰርቷል። መስመሩ ሲጀምር ወፍራም፣ ቀለሙ ሲያልቅ ደረቅ ያለ ሆኖ ይቀራል፣ ያ ነው ውበቱ። ቦርከና ዳር መቃ አይጠፋም፣ ተማሪዎቼን አስቆርጣቸዋለሁ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፤ የጥላሸትና የሙጫ ቀለም ከደረቀም በኋላ በውሃ ይለቃል፣ ሎሁ የሚታጠበው በሱ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከላዩ የውሃ ቀለም ለመቀባት አይሆንም። ለብቻው ግን ጥቁረቱ አይደበዝዝም።

እናት_የሁለት

የኔ ልጅ 6 ዓመቱ ነው፣ እሱም እስላለሁ ይላል። ይሄ ሁሉ ለሱ ይሆናል?

መምህር_ቦርከና

አይሆንም እህቴ። ወፍራም የሰም ቀለምና ትልቅ ወረቀት ብቻ። ምላጭና ጠርሙስ ቀለም ይራቅለት።

የሰኞገበያ_ልጅ

አንድ ነገር ልጨምር፣ የአየሩ ነገር። ደሴ ክረምት ላይ ጭጋጉ ቤት ድረስ ይገባል፣ ወረቀት እርጥበት ይጠጣና ይጨማደዳል፣ ኢንክም ይዘራበታል። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከባድ መጽሐፍ ስር አስተኙት፣ ከሲሚንቶ ግድግዳ አርቁት። ሐረጎን ወርደህ ኮምቦልቻ ስትገባ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ሙቀቱ የጠርሙስ ቀለምን ያደርቀዋል። ክዳኑን በየመሃሉ መክደን፣ ትንሿን መጠን በሌላ ክዳን ቀድቶ መስራት።

ጦሳ_ስር

እሺ፣ እስካሁን የገባኝን ልበል። ዛሬ ኤችቢ፣ 2ቢ፣ 6ቢ፣ አንድ ነጭ ላጲስ፣ ምላጭ፣ ሁለት ጥቁር ቢክ። ለልምምድ የፎቶ ኮፒ ወረቀት። ነገ የሰኞ ገበያው ወንድሜ እንዳለው ማተሚያ ቤት ሄጄ ቁርጥራጭ። ብር ሲተርፍ ማይክሮን 01 እና 05። መቃውን ራሳችን እንቆርጣለን፣ እህቴ ይሄን ስነግራት ዘላለች። የጠርሙስ ኢንዲያን ኢንክ በኋላ።

የመጨረሻ ጥያቄዬ፣ እርሳሱ መቼ ነው የሚጠፋው? ትናንት ቢኩን ሰርታ ወዲያው ላጲስ ስታደርግበት ተጨማለቀባት፣ አለቀሰች።

ሸዋበር24

ኧረ አታልቅስ የኔ እህት። ሁላችንም ጋ ይደርሳል።

ኮምቦልቻ_ንድፍ

ቢክ ሲነካ ደረቅ ይመስላል እንጂ የተጠራቀመበት ቦታ ቶሎ አይደርቅም። አሳድሩትና በማግስቱ አጥፉት። ፋይንላይነር ደቂቃዎች ይበቁታል፣ ብዙ ጥቁር የተሞላበት ቦታ ከሆነ ግን ረዘም ያለ ጊዜ ስጡት። የጠርሙስ ኢንክም ቢያድር ይሻላል፣ በተለይ ደሴ ብርድ ላይ። ላጲሱን ወዲያ ወዲህ አታመላልሰው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ወረቀቱን በሌላው እጅ ይዛ። ላጲስ ጥቁሩንም በትንሹ ያነጣዋል፣ ከጠፋ በኋላ የሳሳውን መስመር በ05 ትድገመው። ንድፉን መጀመሪያውኑ በኤችቢ ቀለል አድርጋ ከሰራችው ደግሞ የሚጠፋው ነገር ትንሽ ነው።

የተጨማለቀውን ወረቀት እንዳትጥለው። ጀርባው ንጹህ ከሆነ መቃውን እዚያ ላይ ትሞክርበት።

ጦሳ_ስር

እሺ፣ እነግራታለሁ። ማተሚያ ቤቱ ያገኘሁትን ወረቀት ዓይነት ነገ እጽፍላችኋለሁ።